ጌታን አይቶ ከፊኛ ያለመውረድ ወንጀል

ይድረስ ለክቡር ባላምባራስ ወርቅአገኘሁ፣ የደብረ ብርሃን ሜዳ ሹም።

እንደምን ሰንብተዋል? ውርጩ ጉልበትዎን አልነካዎትም? በቅሎዎስ ደኅና ናት? እኔ፣ ከእግሬ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ትምህርቴን ፈጽሜ ገና ከቅኔ ቤት የወጣሁ ሰው ለመኳንንት መጻፌ ድፍረት ቢሆንም፣ መልክተኛ ብልክ ደጅ ሲጠና ክረምት እንዳይገባበት ሰግቼ፣ ደብዳቤው በአሊዩ አምባ የዓርብ ገበያ ሰው በተሰበሰበበት እንዲነበብ አድርጌያለሁ።

ነገሩን ላልሰማ ላስረዳ። ጥበቡን ያስተማረኝ ፈረንጅ በንዳድ ታሞ ወደ ባሕር ሲወርድ፣ በጭድ እሳት ሙቀት የሚነፋውን ትልቅ የሸማ ፊኛና የምቆምበትን ቅርጫት ለእኔ ተወልኝ። እኔም ከአንኮበር አፋፍ ተነሥቼ፣ ነፋሱ እንደ ወሰደኝ ወደ ሜዳዎ መጣሁ። መውጣት በጭስ ይሆናል፤ መውረድ ግን በሰው ነው። ታች የቆሙ ሰዎች ገመዱን ይዘው ካላሳረፉኝ ነፋስ ከነቅርጫቴ ይጎትተኛል። ምስጋናዬም ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፤ ገመዱን የያዙልኝ ገበሬዎች እጅግ ጨዋ በመሆናቸው አመሰግናለሁ። መሬት ልደርስ የሰው ቁመት ሲቀረኝ ክቡርነትዎ በበቅሎ ብቅ አሉ፤ እነርሱም እንደ ደንቡ ሸማቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ አደግድገው እጅ ነሡ። ማደግደግ ሁለት እጅ ስለሚጠይቅ ገመዱን ለቀቁት። እኔም ከካብ ወደ ካብ እየተላተምሁ እግሬን ሰበርሁ። እንዲህ ያለ ሰው አክባሪ ሕዝብ ስለሚገዙ እንኳን ደስ ያለዎ።

ሁለተኛ፤ ጌታ ያየ መንገደኛ ከበቅሎው መውረድ እንዳለበት አላጣሁትም። ክቡርነትዎ ግን “ከራሴ በላይ ሆኖ፣ ሳይወርድ አለፈ” ብለው ከሰሱኝ። ከበቅሎ የሚወረደው በእርካብ ነው። እኔ እርካብ ባይኖረኝም ለመውረድ የተቻለኝን ያህል ፈጥኛለሁ፤ ካቡ ምስክሬ ነው።

ሦስተኛውን ስጽፍ ሳቄ ይጠፋል። በአገራችን ሕግ ተከሳሽ ከከሳሹ ጋር ነጠላ ለነጠላ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ይሄዳል። ከሳሼ እርስዎ ነዎት፤ ጌታ ደግሞ ከተማሪ ጋር አይቆራኝም። አሽከሮችዎም “ድንገት ቢነሣብን አብረነው ወዴት ልንደርስ ነው!” እያሉ ሸሹ። ስለዚህ ከወይራ ግንድ ጋር አስቆራኙኝ። ቁራኛ እንኳ ያጣ ሰው አይተው ያውቃሉ? ግንዱ መልካም ባልንጀራ ነበር፤ አይከሰኝም፣ ግን እንዴት አደርህም አይለኝም።

ዋስ ሆኖ ያስፈታኝ የአሊዩ አምባው ነጋዴ ዘይኑልአቢዲን ነው። እርሱም ለገበያ ሲያልፍ ብቻ “የሰማዩ ልጅ፣ ዛሬም መሬት ላይ ነህ?” ብሎኝ ይሄዳል። ሌላው ሰው የጎጆዬን በር አይቶ መንገድ ይቀይራል። ከላይ ሆኜ ሳይ የየቤቱ ጭስ ተቀላቅሎ አገሩ ሁሉ አንድ ቤተሰብ ይመስል ነበር። አሁን የማየው የራሴን ጭስ ብቻ ነው።

ልመናዬ አንዲት ናት። ከመስቀል በኋላ ነፋሱ ሲረጋ ዳግም እነሣለሁ፤ አልተውም። እባክዎ “ገመድ የያዘ ሰው፣ ጌታ ቢመጣም ቅርጫቱን ሳያሳርፍ እጅ አይንሣ” ብለው ነጋሪት ያስጎስሙልኝ። አለዚያ ቀጥሎ የሚሰበረው እግር ላይሆን ይችላል።

ከላይም ሆኜ ከታች ክብርዎን የማልረሳ፣ ወደ መሬት ለመመለስ ግን የሰው እጅ የሚያስፈልገኝ ትሑት አገልጋይዎ፣
ገብረአብ፣ የወይራው ግንድ ቁራኛ የነበረው።

ደብዳቤውን ካጠፍሁ በኋላ ትዝ ያለኝ፤ አዋጁ ከከበደዎ ሌላ መላ አለኝ። በዚህ ሜዳ ለእርስዎ እጅ የማይነሣ ሰው ብፈልግ ብፈልግ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ እርስዎን። የዚያን ዕለት ገመዱን ራስዎ ይያዙልኝ።