ጤነኛ ነኝ ብዬ ይግባኝ ማለቴ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እኅቴ ለይርጋነሽ፤

እንዴት ከርመሻል፣ እታለም? ጤናሽስ እንዴት ነው? የወንጂው ሙቀትና ወባው ዘንድሮ ራራላችሁ ወይ? አቶ ወልደ ኪዳንን ያ የወገብ ሕመም ለቀቃቸው? ሰብለ ወንጌልስ ስንተኛ ክፍል ደረሰች? እኔ ክረምትና በጋን ለሚያፈራርቅ አምላክ ምስጋና ይድረሰውና አንቺን ካለማየቴ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። እናታችን ደህና ናት። ብርድ ሲሆን ጉልበቷን ይይዛታል እንጂ ጊዮርጊስን ሳትሳለም የዋለችበት ቀን የለም። ወንድማችን ፋንታም ደህና ነው፤ ጤፉን ወቅቶ አስገብቷል። ሚስቱ ጥሩአየሁ ነፍሰ ጡር መሆኗን በፊተኛው ደብዳቤ ነግሬሻለሁ፤ አሁን ገፍታለች፤ ጎንበስ ብላ መጥረግ አቅቷት እየሳቀች ለፋንታ መጥረጊያ ታቀብለዋለች።

ደብዳቤው ረዘም ስላለብሽ አትደንግጪ፤ የሞተም የታመመም የለም። ቀድሞ ደብዳቤዬን ጎረቤትሽ እያነበቡልሽ ስለነበር የማልጽፍልሽ ነገር ብዙ ነበር። መሠረተ ትምህርት ገብተሽ ራስሽ ማንበብ ከቻልሽ ወዲህ ግን በነፃነት እጽፍልሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ መጀመሪያው ያስቆጣሻልና እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳትቆጪ።

የሆነው እንዲህ ነው። በታኅሣሥ መግቢያ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር አቶ ውበቴ ስብሰባ ጠርተው፣ ለብሔራዊ ውትድርና አሥራ አራት ወጣት ከእኛ ማኅበር መጠየቁን ነገሩን። ሁለት ወንድ ልጅ ካለበት ቤት አንዱ ይሄዳል ተባለ። ከእኛ ቤት እኔና ፋንታ ብድግ አልን። እኔ ወዲያው እጄን አወጣሁ። ጀግንነት እንዳይመስልሽ። ፋንታ ቢሄድ በሬ የሚጠምድ የለም። እኔ የቅኔ ቤት ልጅ ሞፈር ስይዝ ትልሙ እንዴት እንደሚጣመም አንቺም ታውቂያለሽ፣ በሬዎቹም ያውቃሉ። እኔ ብሄድ ግን የሚቸገረው እኔ የምጽፈው የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ብቻ ነው፤ እሱንም ሌላ ሰው ይጽፈዋል።

ለምርመራ ሞጣ ወሰዱን። ቁመቴን ለኩ፣ ጥርሴን ቆጠሩ፣ ዓይኔን ሸፍነው አስነበቡኝ፣ በአንድ እግሬ አስዘለሉኝ። ሁሉንም አለፍሁ። በመጨረሻ ሐኪሙ የአእምሮ ሕመም ኖሮብኝ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። አፌን ሳልከፍት፣ ስም የሚመዘግበው የአጥቢያችን ሰው ቀና ብሎ፣ «ይህ ያ ደብረ ወርቅ ላይ አብሾ ጠጥቶ ያበደው ተማሪ አይደል?» አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሐኪሙ የከተማ ልጅ ነው፤ አብሾ ምን እንደሆነ አያውቅም። ሦስት ሰዎች በሦስት ዓይነት አስረዱት። አንዱ የተማሪ አእምሮ የሚከፍት ቅጠል ነው አለው፤ አንዱ መርዝ ነው አለው፤ አንዱ አጎቱ ጠጥቶ ጣራ ላይ ሲቀድስ ማደሩን ነገረው። ሐኪሙ ሦስቱንም ሰምቶ «የአእምሮ ሕመም የነበረበት፤ ለውትድርና ብቁ አይደለም» ብሎ ጻፈና ማኅተም አሳረፈበት።

እናታችን ይህን ስትሰማ መሬት ስማ ተነሣች። ማምሻውን ግን አቶ ውበቴ ቤት ድረስ መጥተው የፋንታን ስም በእኔ ቦታ መጻፋቸውን ነገሩን። ፋንታ እሺ ብቻ ብሎ ወጥቶ ለከብቶቹ ጭድ ሰጣቸው። የፋንታን እሺ ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሆኖ እሾህ ሲያወጡለትም እሺ ነበር የሚለው። ጥሩአየሁ አላለቀሰችም፤ የፋንታን ጋቢ አወረደችና ያልተቀደደውን መስፋት ጀመረች። እኔ ያን ጊዜ ነው ይግባኝ እላለሁ ያልሁት።

አቶ ውበቴ ጠዋት ስነግራቸው፣ ሰው ይግባኝ የሚለው እንዳይሄድ ነው፣ አንተ እንድትሄድ ይግባኝ ካልህ እብደትህን ራስህ መሰከርህ አሉኝ። ቢሆንም ክፉ ሰው አይደሉም፤ የይግባኙ ቦርድ ለጥር አጋማሽ ቢቸና እንደሚቀመጥ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ሞጣ ወርጄ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፈውን ራፖር ጸሐፊ ከሊፋን አገኘሁት፤ የአባታችን ወዳጅ የሼህ ሙሐመድ ልጅ ነው። ሦስት ገጽ ሙሉ ያረቀቅሁትን ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ፣ ይህ በጣም ያምራል፣ ግን አንዱ ቃል ሁለት ትርጉም እየሰጠ ሐኪሞቹን ግራ ያጋባቸዋል አለኝና ግማሽ ገጽ አደረገው። «ታመምሁ፣ ዳንሁ፣ እነሆ ምስክሬ» ብቻ ሆኖ ቀረ። ምስክር ፈልግ ብሎም ሰደደኝ።

እስከ ጉንደ ወይን የእህል መኪና ላይ ሄድሁ። ከዚያ መኪናው ስለተበላሸ በእግሬ ደብረ ወርቅ ገባሁ። የኔታ ሣህለ ማርያም ዓይናቸው ፈጽሞ ጠፍቷል። ከደጅ «ቤቶች» ስል ድምፄን ለይተው፣ ኃይለ ሚካኤል ነህ ወይ አሉኝ። የመጣሁበትን ስነግራቸው፣ የጠጣኸው በእኔ ጉባኤ ነው፣ እኔ ሳላይ ጠጣህ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጸሎት ስምህን ሳላነሣ አላደርሁም አሉኝ። እኔ ደግሞ ከጉባኤያቸው ከወጣሁ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ተቆጥተውኛል እያልሁ በደጃቸው ማለፍ ስፈራ ኖርሁ። ለምን እንዲህ እንደምንሆን አላውቅም።

የምስክርነት ቃላቸውን እሳቸው እያሉ አንድ ደቀ መዝሙር ጻፈው። ቃል በቃል ልንገርሽ፤ «ይህ ሰው የታወከው ሃያ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ቅኔ ሲቀኝ ስሕተቱን ያረምሁት እኔ ነኝ። አእምሮው የታወከ ሲያርሙት ይቆጣል፤ ይህ ሲያርሙት የሚቆጣው በማግስቱ ነበር፣ እሱም ልክ መሆኑን ካወቀ ነው።» የኔታ ራሳቸው በዚህ ሳቁ። ልሰናበት ስል እጄን ይዘው፣ በእውነት መሄድ ትፈልጋለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልፈልግም፣ ግን ፋንታ እንዲሄድ አልፈልግም አልኋቸው። እንግዲያው ልሂድ ብለህ አትለምናቸው፣ ደህና ነኝ ብቻ በላቸው፣ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው አሉኝ።

ቢቸና የእናታችን አክስት ልጅ እትዬ ባንቺዓለም ዘንድ አረፍሁ። ሦስት ቀን ወረፋ ጠበቅሁ። እታለም፣ እዚያ ግቢ ውስጥ የነበረውን ብታዪ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር። ሁሉም ይግባኝ ያለው ታምሜያለሁ ብሎ ነው። አንዱ ጠዋት በቀኝ እግሩ፣ ከሰዓት በግራው ያነክሳል። ሌላው አልሰማም እያለ ስሙ ሲጠራ ከሁሉ ቀድሞ ይነሣል። አጠገቤ የተቀመጠው፣ አንተስ ምንህን ነው ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ጤነኝነቴን አልቀበል ብለውኝ ነው ስለው፣ ቀስ ብሎ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ስስቅባቸው ዋልሁ፤ ማታ ግን የሁሉም እናት እንደ እናታችን መሬት መሳሟን ሳስበው ሳቄ ተወኝ።

ቦርዱ ሦስት ሰው ነው፤ አንድ ሻምበል፣ አንድ በዕድሜ የገፉ ዶክተርና አንዲት ሲስተር። ዶክተሩ ቀኑን ጠየቁኝ፣ ነገርኋቸው። ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት እየቀነስህ ቁጠር አሉኝ። ባሕረ ሐሳብ ለተማርሁ ለእኔ ይህ ጨዋታ ነው። ስልሳ አምስት ላይ ይበቃል አሉኝ፣ እኔ ግን ተነድቼ ሁለት ላይ ደረስሁና፣ ሁለት ቀረች ምን ላድርጋት አልሁ። ሻምበሉ በእርሳስ ሲከተለኝ ኖሮ ሃምሳ አንድ ላይ ስቶ ነበር፤ እንደገና ጀመረ። ሲስተሯ ፊቷን በፋይሉ ሸፈነች።

ከዚያ ዶክተሩ፣ ሕመሙ ተመልሶብህ ያውቃል ወይ አሉኝ። ከሊፋ፣ ይህን ከጠየቁህ የለም በልና ውጣ ብሎ መክሮኝ ነበር። እኔ ግን የአባታችን ሞት ታወሰኝ። አባታችን ያረፈ ጊዜ ስድስት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምንም አላየሁም፣ ምንም አልሰማሁም፤ ግን ያ ነገር ከደጅ ቆሞ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር። ለእናታችን ነገርኋት፣ ሞጣ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ፣ ኪኒን ሰጡኝና ተኛሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ይህን ለአንቺም ሳልጽፍልሽ የቀረሁት የአንባቢዋን ጎረቤት አፍ ፈርቼ ነው። ለዶክተሩ ግን ሁሉንም ነገርኋቸው፤ እየነገርኋቸውም በውስጤ፣ በቃ ፋንታን ሰደድሁት እል ነበር።

ዶክተሩ ብዕራቸውን አስቀመጡና፣ ይህን ባትነግረኝ ከየት አውቀው ነበር አሉኝ። ከየትም አልሁ። ታዲያ ለምን ነገርኸኝ አሉ። ስለጠየቁኝ አልሁ። ሻምበሉ በበኩሉ፣ ሰው በሚሸሽበት ጊዜ አንተ ለመሄድ ይህን ያህል ምን አንከራተተህ አለኝ። መሄድስ አልመኝም፣ ደህና መሆኔ ግን እውነት ነው፣ እኔ እብድ ከተባልሁ የሚሄደው ሚስቱ ነፍሰ ጡር የሆነችው ወንድሜ ነው አልሁት። ውጭ ጠብቅ አሉኝ።

ከምሳ በኋላ ሲስተሯ ጠርታ ወረቀቱን አነበበችልኝ፤ «ከዘጠኝ ዓመት በፊት በጠጣው ነገር ምክንያት ለሃያ ቀን ታውኮ ነበር፤ ድኗል። ለጽሕፈትና ለመጋዘን ሥራ ብቁ ነው።» ድኗል የምትለዋን እንድትደግምልኝ ጠየቅኋት። ይርጋነሽ፣ በአገራችን ሰው ሁሉ ተሻለው ይለኛል፤ ቸር ሰው ደህና ነው ይላል። ሠርግ ላይ ሁለተኛ ብርሌ ጠጅ ሳነሣ ግን ዙሪያዬን የሚያዩኝን ዓይኖች እኔ ነኝ የማውቃቸው። እስከዚያ ቀን ድኗል ያለኝ ሰው አልነበረም። ከግቢው ወጥቼ በቢቸና ገበያ መካከል ያለ ምክንያት ሁለት ጊዜ ዞርሁ።

ፋንታ ሞጣ መጥቶ መኪና መውረጃው ላይ ጠበቀኝ። ምን አሉ አለኝ፤ እኔ ነኝ የምሄደው አልሁት። እሺ ይላል ብዬ ስጠብቅ እሺ አላለም። መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ተነሥቶ እስከ ቤት ድረስ ከረጢቴን ተሸከመልኝ፤ ባዶ መሆኑን እያወቀ። እናታችን ወረቀቱን በእጇ ይዛ አገላበጠችውና፣ ሁለታችሁንም የሚያስቀር ወረቀት የላቸውም ወይ አለች።

የምንሄደው ከቅበላ በኋላ፣ ጾሙ በገባ በሳምንቱ ነው። የምመደበው ጽሕፈት ላይ ስለሆነ ብዙ አትጨነቂ። ትንሽ እፈራለሁ፣ አልደብቅሽም፤ ግን ይህ ፍርሃት ሰው ሁሉ የሚፈራው ፍርሃት ነው፣ እሱ ራሱ ደስ ይለኛል። ለእናታችን ስትጽፊ የሚያስለቅስ ነገር አታብዢባት፤ ስለ ሸንኮራው፣ ስለ ሰብለ ወንጌል ትምህርት ጻፊላት። መልስሽን በፋንታ ስም ላኪው።

ለአቶ ወልደ ኪዳን የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ወገባቸውን ሳይታጠቁ ከባድ እንዳያነሡ ንገሪያቸው። ሰብለ ወንጌልን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ቀድሞ ደብዳቤዬን ሲያነቡልሽ ለነበሩት ለእትዬ ወለተ ገብርኤልም ሰላም በይልኝ፤ አፋቸውን ያማሁትን ግን አታንብቢላቸው። እናታችን፣ ፋንታና ጥሩአየሁ ናፍቆታቸው አይቆጠርም ብለዋል።

አንድ የተውሁት ነገር አለ። ዶክተሩ ከመውጣቴ በፊት፣ በእነዚያ ሃያ ቀናት ማን አስታመመህ ብለውኝ ነበር። ጠበል ቦታ ላይ ሌሎቹ በገመድ ሲታሰሩ፣ እኅቴ ገመድ አልፈቅድም ብላ ነጠላዋን ቀድዳ አንዱን ጫፍ በእኔ እጅ፣ ሌላውን በእሷ እጅ አስራ ሃያ ሌሊት አጠገቤ ተኛች አልኋቸው። ስሟን ንገረኝ አሉ። ሲስተሯም በኋላ በሰጡኝ ወረቀት ግርጌ እንዲህ ብላ ጻፈችው፤ «አስታማሚ፦ ይርጋነሽ፣ እኅቱ»። ያንን ወረቀት ይዤ ነው የምሄደው።

የሚወድሽ ወንድምሽ
ኃይለ ሚካኤል

ሞጣ፣ የካቲት 23 ቀን 1978 ዓ.ም.