ተሳፍሬበታለሁ ያልኩሽ ባቡር

ዘነቡዬ፣ ነፍስሽን በአብርሃም ዕቅፍ ያኑርልኝ። ያ ትኩሳት አንቺን ከነጠቀኝ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ተዝካርሽን እንደ አቅማችን አውጥተናል። ቤቱ ደህና ነው። በጓሮው እንሰት ላይ ሁለት ረድፍ ጨምሬያለሁ፤ ያፈስ የነበረውንም ጣራ ከድኛለሁ። ጣሊያን በቡታጅራ በኩል መንገድ እያስወጣ ስለሆነ፣ በገበያ ቀን የካሚዮኑ አቧራ በርበሬ ታሰጪበት ከነበረው ደጅ ድረስ ይመጣል።

የምጽፍልሽ ግን ስለዚህ አይደለም። የነፍስ አባቴ «ለእግዚአብሔር የነገርከውን ለእሷም ንገራት» ስላሉኝ ነው።

ልጃገረድ ሳለሽ፣ ለመስቀል ከአዲስ አበባ የተመለስነው ሁሉ በአባትሽ ቤት ተሰብስበን ስናወራ ትዝ ይልሻል። አንዱ ከትልቅ ሰው ጋር ማዕድ ቆረስኩ ይላል፤ ሌላው ፎቅ ቤት አደርኩ ይላል። ለመስቀል አገሩ ገብቶ ወሬ የሚያጣ የለም። የእኔ ሥራ ለጋር ባቡር ጣቢያ ሸክም ነበር። አንቺ በሩ ጥግ ቆመሽ ስታዪኝ ጊዜ «እኔ በባቡር ድሬዳዋ ደርሼ መጥቻለሁ» አልኩ።

ዘነቡ፣ አልደረስኩም። ባቡሩ ላይ የምወጣው የሰው ሣጥን ለማስቀመጥ ነበር፤ ፊሽካው ሲነፋ እወርዳለሁ። ሞጆ ላይ ማሲንቆ የሚመታው ዓይነ ስውር፣ አዋሽ ላይ የሚጨፍሩት ጎረምሶች፣ ድሬዳዋ መጋረጃው ሲገለጥ የሚታየው ቴያትር፣ ሁሉንም ከተሳፋሪ አፍ የሰማሁት ነው። ጥቂቱን ደግሞ ራሴ ጨመርኩበት።

ከተጋባን በኋላ ዕቅዱን አንቺ አወጣሽ። ለሐምሌ ገብርኤል ቁልቢ እንሳለማለን፤ ስንሄድ ሞጆና አዋሽ ላይ ዘፈኑን እንሰማለን፤ ስንመለስ ድሬዳዋ ቴያትር እናያለን። የቱን ነጠላ የት እንደምትለብሺ ሳይቀር ወስነሽ ነበር። እኔ በየዓመቱ ክረምቱን አሳበብኩ፤ ወንዙ ሞልቷል፣ መንገዱ ጭቃ ነው። አንድ ጊዜ ብታፋጥጪኝ «እንግዲያው የካቲት ይሁን» አልኩና ሁዳዴ መግባቱን ረሳሁት። «አንተ ሰውዬ፣ ዳዊት ደጋሚ ነኝ ትላለህ፣ በዐቢይ ጾም ማን ሊዘፍንልህ ነው?» ብለሽ ሆድሽን ይዘሽ ሳቅሽ። እኔም አብሬሽ ሳቅሁ። ዓመቱ አለፈልኝ።

የሸሸሁት የድሮ ባልደረባዬ ለጋር ላይ «ና ተሸከም!» ብሎ እንዳይጠራኝ፣ ትኬት መቁረጥ እንኳ አለማወቄን እንዳታዪብኝ ነው። ኋላ ኋላ «ዘፈን ለነፍስ አይበጅም» ማለት ጀመርኩ። ከውሸቱ ይልቅ በእግዚአብሔር ስም መሸፈኔ ይከብደኛል።

ባለፈው ሐምሌ ልጃችን አመለወርቅ «እማዬ ያላየችውን እኔ ልይላት» ብላ አላስቀምጥ አለችኝ። የይለፍ ወረቀት አውጥተን ሄድን። ሞጆ ስንደርስ አንገቷን በመስኮት አውጥታ «አባዬ፣ ማሲንቆ መቺው የታለ?» አለች። የነበረው ወታደርና ጆንያ ነው። ያን ጊዜ እውነቱን ነገርኳት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አዋሽ ስንደርስ ፊቷን ሳትመልስ፣ «አክስቴ ለልጇ ሰርግ አዲስ አበባ ስትጠራት እማዬ ለምን እንደቀረች ታውቃለህ? ‹አዲስ አበባንም ባቡሩንም የማየው ከባሌ ጋር ነው፤ ቃል ገብቶልኛል› ብላ ነው» አለችኝ።

አላውቅም ነበር። ጉልበትሽን አሞሽ የቀረሽ መስሎኝ ነበር።

ድሬዳዋ ቴያትር ቤቱ የነጭ ብቻ ነው፤ ከበሩ መለሱን። ከግንቡ ውጭ ቆመን ሙዚቃውን ሰማን። በማግስቱ ከገበያው ጀርባ የእስላሞች ሰርግ ነበርና ሴቶቹ አመለወርቅን እጇን ይዘው አስገቧት፤ አጨበጨበች፣ ሳቀችም። እኔ ሐዘንተኛ ነኝና ዳር ቆምኩ። ቁልቢ ላይ ስምሽን ለካህኑ ሰጥቼ በጸሎት አስጠራሁ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ይቅር እንድትዪኝ እለምንሻለሁ። መልሱን እዚህ እንደማልሰማው አውቃለሁ።

ሰው ስላንቺ ሲያወራ «ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም» ይላል። እኔም እስከ ዛሬ አዎን እል ነበር። ወጥቶ ያውቃል። ስትቆጪ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማሽ ነበር፤ እንሰት ስትፍቂ ደግሞ ዜማው የማይገጥም ዘፈን ታንጎራጉሪ ነበር። እስክሞት የማስታውስሽ እንዲሁ ነው፤ ምንም ሳልጨምርብሽ።

ባልሽ ገብሬ