ሁለቴ የቀለጠው ብረት

መካኒሳ አቦ፣ መጋቢት 1989 ዓ.ም.

ውድ ጸጋአብ፣

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ሆዴ ውስጥ ያለው ነገር ቀድሞ ልውጣ ብሎኛል። እኛ ደህና ነን። ያንተን ደህንነት ግን እንጃ።

በርሊን በገባህ በዓመቱ የላክኸውን ፎቶ ታስታውሳለህ? «ሌዘር የሚባል ጨረር አንዴ ብልጭ ይላል፤ ስስ ብረት ይቀልጣል፤ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑ ሲቀልጥ ይይዘዋል። ሁሉም ከሴኮንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ያልቃል» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ያን ግራጫ ምስል ከአልጋዬ ራስጌ ሰቀልኩት። ማርቲ ጓደኛዬ «ዓይን ሳይጨፈን የሚያልቅ ሥራ እንዴት ስድስት ዓመት ይፈጃል?» ብላ ስትስቅብኝ ተቆጣኋት። አንተ ያስተማርኸኝን መለስኩላት፤ የቀለጠ ብረት እንደ ድሮው አይሆንም፣ ለእያንዳንዱ ፎቶ አዲስ ብረት ይዘጋጃል፣ ሁለት ፎቶ መቼም አንድ ዓይነት አይወጣም አልኳት። እንዴት ኮርቼብህ እንደነበር!

ባለፈው ሳምንት «የሰሞኑ ሥራዬ» ያልኸው ፎቶ ደረሰኝ። ከድሮው አጠገብ ልሰቅለው ስል ነገሩ አልጥመኝ አለ። ገለበጥኩት። ያው ነው ጸጋአብ! ዘቅዝቀህ ጫፉን ቆረጥኸው እንጂ ጥጉ ላይ ያለችው ባቄላ የምታህለው ቀዳዳ እንኳ ያችው ናት።

ከዚያ ወዲህ የማልጠረጥረው ነገር የለም። የፖስታው አድራሻ ለምን ተለወጠ? ስለ ፕሮፌሰርህ ጽፈህ አትጠግብም ነበር፤ ዘንድሮ ስማቸውን አንዴም አላነሳህም። አባትህ ጋሽ ሙሉሰው ዘንድ ሄጄ «ትምህርቱ እንዴት ሆነለት?» ብላቸው፣ «ሳይንስ ችኮላ አይወድም፣ ልጄ» አሉና ወሬውን ወደ ዝናቡ ወሰዱት። ዓይኔን አላዩኝም። እሳቸውም የሚያውቁት ነገር አለ።

እማዬማ ወጥራ ይዛኛለች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ያ የለቡ ሰፈር ልጅ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልላክ ይላል። ይምጡ ልበል ወይስ ይቅር? ቁርጡን ንገሪኝ» ትላለች። እስካሁን «ይቅር» ስል ኖሬያለሁ። ትናንት ግን ዝም አልኩ፤ ዝምታዬ ራሴን አስደነገጠኝ።

እኔ የታጨሁት ለማይክሮስኮፑ አይደለም። ከትምህርቱ አሰናብተውህ ከሆነ፣ ሆቴል ውስጥ ሰሃን እያጠብህ ከሆነ፣ በራስህ እጅ ጻፍልኝ። አለቅሳለሁ፤ ግን እጠብቅሃለሁ። ሰሃን አጣቢ አገባለሁ። ውሸታም ግን አላገባም።

መልስህ እስኪደርስ ድረስ እጮኛህ፣
አማከለች