ጾመኞቹ ዝንቦች

ይሁኔ፣ የእህቴ ልጅ፣ የዝንቦቹ ጌታ፤

ቡሬ ላይ አፈር ካለበስንህ የፊታችን እሑድ ዓመት ይሞላል። ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ዝናብ ሲመጣ እንደ ነጋሪት እየጮኸ እናትህን ያስደነግጣታል። እኔ ደኅና ነኝ፤ ጥርሴ ቢጎድልም ምላሴ እንዳለ ነው። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ልቀልድብህ አይደለም።

ያ ክረምት ትዝ ይልሃል? ከአዲስ አበባ ለዕረፍት ስትመጣ እኛ ስጦታ ስንጠብቅ፣ ከሻንጣህ ባዶ ጠርሙሶች አወጣህ። ከእናትህ አተላ ላይ የሚያንዣብቡትን ጥቃቅን ዝንቦች እያጠመድህ አስገባህና የጠርሙሶቹን አፍ በጥጥ ወተፍህ። እኔም «ይህን ሁሉ ዓመት ተምሮ የዝንብ እረኛ ሆኖ መጣ» ብዬ መንደሩን አሳቅሁብህ። አንተ ሳትቆጣ አስረዳኸኝ። ሰው በሰባ ዓመት የሚያረጀውን እርጅና ዝንብ በሁለት ወር ታሳያለች፤ ዕድሜም እንደ መልክ ከወላጅ ይወረሳል አልህ።

ምን እንደምትፈልግ የገባኝ ደብተርህን ገልጬ ሳነብ ነው። የአባትህ አባት በአርባ አንድ፣ አባትህ በአርባ ሦስት፣ የአባትህ ወንድም በሠላሳ ዘጠኝ፤ ሁሉም ልባቸው ቀጥ ብሎ። ከሥር ያንተና የእህትህ የይታይሽ ስም ነበር። እኔ የእናትህ ወንድም ነኝና ከዚያ ገጽ የለሁበትም።

ፍልሰታ ሲገባ አንዱን ጠርሙስ በበቆሎ ገንፎና በማር አጠገብኸው፤ ሌላውን በቀን አንዴ ብቻ እያቀመስህ እንደኛ አስጾምኸው። «አጎቴ፣ ጾመኞቹ ከሰነበቱ ለእኛም ተስፋ አለን። እባክዎ አይንኩብኝ» አልኸኝ። እኔና አለመንካት!

ጾመኞችህ ይረግፉ ነበር፣ ይሁኔ። አንተ ቅዳሴ ስትሄድ የሞቱትን እያወጣሁ ከአተላው ላይ ሕያዋን አጥምጄ እተካ ነበር። የጾም ፍቺ ዕለት በሰው ፊት ነግሬ ላስቅብህ አስቤ ነበር። የፍቺው ዕለት ግን ቆጥረህ ስትጨርስ ሮጠህ የእናትህን ጉልበት ሳምህ፤ «እማዬ፣ እኛ እንደ አባታችን አንቀጭም» እያልህ አለቀስህ። ቀልዴን ዋጥሁት። ነገ እነግረዋለሁ ስል አውቶቡስህ ሄደ። ኮሌጅ ተመልሶ ሙከራውን ሲደግመው ስህተቱን ራሱ ያገኘዋል ብዬ ተጽናናሁ።

አንተ ግን በዝንብ ሳይሆን በራስህ ላይ ደገምኸው። ለገና ስትመጣ የሸሚዝህ ኮሌታ አንገትህ ላይ ይዋኝ ነበር። በቀን አንዴ፣ ያውም እፍኝ ቆሎ። መጋቢት ላይ ሰው በሦስት ቀን የሚነሣበት ጉንፋን አንተን ይዞህ ሄደ። ለቀስተኛው «ዘራቸው ነው» አለ። የአባትህ ደም ይሁን የእኔ ቀልድ፣ እኔም አላውቅም።

አሁን ደብተርህ በእህትህ በይታይሽ እጅ ነው። ፍኖተ ሰላም ታስተምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ሁዳዴ ስለሆነ መክሳቷን ማንም ልብ አላለውም። ባለፈው ቅዳሜ እጇን ስታስታጥበኝ ቀለበቷ ከጣቷ ሾልኮ ሳፋው ውስጥ ወደቀ። እሷም እንዳንተ በቀን አንዴ እየቀመሰች ደብተርህ ላይ ትጽፋለች።

አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ሳቀች። «ኧረ አጎቴ! እህል እንድቀምስ ብለው በወንድሜም ይቀልዳሉ?» አለችና ትከሻዬን ስማ ገበታውን ገፋችው። በጊዮርጊስ ማልሁ፤ ይባስ ሳቀች። ዕድሜዬን ሙሉ በጊዮርጊስ እየማልሁ ስዋሽ አይደል የኖርሁት? አንድ ቀን እውነት ብናገር የሚያምነኝ ጠፋ።

ስለዚህ እሑድ፣ በሙት ዓመትህ፣ ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ በካህናቱና በዘመድ ፊት እናገራለሁ። በገዛ ወገኑ ዝክር ላይ ራሱን እያዋረደ የሚቀልድ ሰው እንደሌለ ይታይሽ ታውቃለች። ካመነችኝ ትበላለች። ካላመነችኝ የሚሆነውን ለመጻፍ እጄ እንቢ አለኝ።

አንተን ልጄ፣ ከእንግዲህ በተረብ አላነሣህም። ስምህ በተጠራ ቁጥር ያደረግሁትን ሳልደብቅ አስታውስሃለሁ፤ ይህ ቃሌ ነው።

እናትህ ለዝክርህ ጠላ እየጠነሰሰች ነው። ዛሬ ከጎኗ ቁጭ ብዬ ጌሾ ስለቅምላት ዋልሁ። «አንተ ባትኖር ይህን ዓመት እንዴት እወጣው ነበር» አለችኝ። እስከ እሑድ ድረስ ወንድሟ ነኝ።

አጎትህ