የባለቤቴን ሁለት እግሮች ደምሮ ለሁለት ስለ ማካፈል

ለክቡር ዶክተር ጥዑመልሳን
የእግር ቅባት ንጽጽር ጥናት ዋና አስተባባሪ
ሴቻ፣ አርባ ምንጭ

ክቡር ዶክተር፣ ከነመላው ቤተሰብዎ፣ ከነባልደረቦችዎና ከማይሳሳተው ኮምፒውተርዎ ጋር እንደምን ሰንብተዋል? እኛ በምዕራብ አባያ በኩል የምንገኝ የጥናትዎ ተሳታፊዎችና ቤተሰቦች፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ በአማካይ ደህና ነን። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስሆን፣ ባለቤቴ ወይዘሮ ጌጤ ደግሞ በመዝገብዎ ላይ ተሳታፊ ቁጥር አሥራ ሰባት ናት።

ባለፈው ሐሙስ በቀበሌው አዳራሽ ተሰብስበን፣ ለስላሳና ብስኩት ታድሎን፣ የጥናትዎን ውጤት በአክብሮት አዳመጥን። እግራቸው በዝሆኔ በሽታ ያበጠና የቆሰለ ስልሳ አራት ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ባለ አረንጓዴ ክዳኑን አዲስ ቅባት፣ ግማሾቹ ባለ ነጭ ክዳኑን የተለመደ ቅባት ለሦስት ወር ከተቀቡ በኋላ፣ በሁለቱ መካከል «ስታቲስቲካዊ ጉልህ ልዩነት አልተገኘም» ተብሎ ተነበበልን። ስለዚህም አረንጓዴው ከዚህ ወር መጨረሻ ጀምሮ እንደሚቀር ተነገረን። ይህን ጊዜ ጌጤ ብስኩቷን ሳትጨርስ ተነስታ ወጣች። በትዳራችን ዘመን ብስኩት ትታ ስትሄድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ብዕር ያስነሳኝም እሱ ነውና ቅሬታዬን በቁጥር ከፍዬ ላቅርብ፤ ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁ።

አንደኛ። ዕጣ ስላወጡልን ከልብ እናመሰግናለን። ነገር ግን ብልቃጦቹ በታደሉ በሦስተኛው ቀን፣ የሽማግሌዎቻችን አንጋፋ አቶ ኦይታ፣ ዱቡሻ በምንለው የሸንጎ ሜዳ ሰው ሰብስበው፣ በሽታው ሳያዳላ ሁላችንን ከያዘን መድኃኒቱ በማን ሥልጣን ያዳላል ሲሉ ጠየቁ። እኔም ስለ ናሙና አመራረጥ ላስረዳ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሆኖም የጎረቤቶቼ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር መልሼ ዘጋሁት። በእኛ አገር ጎረቤት እያየ ለብቻ የሚበላ የለም፤ ለብቻ የሚቀባም የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ግማሽ አረንጓዴና ግማሽ ነጭ እንዲደርሰው ተወሰነ። የማካፈሉ ሥራም ሒሳብ ያውቃል ተብሎ ለእኔ ተሰጠ። በማንኪያ እየሰፈርኩ፣ ማንኪያውን በቢላ ጀርባ እየደለደልኩ፣ ለየቤቱ ሁለተኛ ብልቃጥ እየሞላሁ ስልሳ አራት ቤት አዳረስኩ፤ አንድ ሰው እንኳ አላጉረመረመም። በዕድሜዬ ከሠራኋቸው ሒሳቦች ሁሉ የኮራሁበት ያ ነበር።

ሁለተኛ። ሁለቱ ቅባቶች እንዳይደባለቁ ጌጤ አንድ ደንብ አወጣች፦ አረንጓዴው ለቀኝ እግር፣ ነጩ ለግራ እግር። ቅዳሜ ቅዳሜ በጸሎት ቤቱ ግቢ እግራቸውን አብረው ስለሚታጠቡ፣ ደንቧ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሁሉም ደንብ ሆነ። ይህች ሴት ስምንተኛ ክፍልን አልጨረሰችም፤ ጥናትዎን ግን ሳትጠየቅ አሻሽላልዎታለች።

ሦስተኛ። መረጃ ሰብሳቢዎ አቶ አጵሎስ እጅግ ትጉህ ሰው ናቸው። በየሳምንቱ በሞተር ብስክሌት እየመጡ ሰማንያ አራት ጥያቄ ጠይቀውናል፤ የጣሪያችንን ቆርቆሮና የዶሮዎቻችንን ብዛት ከእኛ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ቅባቱን እየተጠቀማችሁ ነው ወይ ሲሉን በእውነት አዎ ብለናል። ሁለቱን ብልቃጦች መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እያዩ፣ ቅጹ ላይ ስለ ሁለተኛ ብልቃጥ የሚጠይቅ ሣጥን ስላልነበረ፣ አላዩም። ሪፖርትዎም ተሳታፊዎች መመሪያውን መቶ በመቶ ተከትለዋል ብሎ አመስግኖናል፤ እኛም አጨብጭበናል።

አራተኛውና ዋናው። አቶ አጵሎስ የቀኙን ቁስል በአንድ ሣጥን፣ የግራውን በሌላ ሣጥን ለይተው ቆጥረው ጽፈዋል። ወረቀቱ ሴቻ ሲደርስ ግን ሁለቱ እግሮች ተደምረው ለሁለት ተካፈሉ። ክቡርነትዎ፣ ከቢሮዎ መስኮት ሆነው ቢመለከቱ ቀዩን የአባያ ሐይቅና ሰማያዊውን የጫሞ ሐይቅ አንድ ላይ ያዩአቸዋል። ሁለቱን በአንድ በርሜል ቀድቶ፣ አማስሎ፣ ከዚያ በሁለት ጠርሙስ መልሶ በመቅዳት የቀለም ልዩነት የላቸውም የሚል ሰው ቢመጣ ምን ይሉት ነበር? ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት እዚህ ላይ አልጠቅሰውም፤ ነውር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ደብተሬን ይዤ ከእጥበቱ ቦታ ቆምኩ። ከስልሳ አራቱ ሰዎች በሃምሳ ሰባቱ የቀኙ እግር ቁስል ከግራው አንሷል፤ በሦስቱ የግራው አንሷል፤ አራቱ እኩል ናቸው። ሁለቱ ቅባቶች አንድ ከሆኑ ነገሩ ሳንቲም እንደ መወርወር ነው ብዬ ለተማሪዎቼ አስተምር ነበር። ስልሳ ጊዜ ተወርውሮ ሃምሳ ሰባት ጊዜ አንበሳው የሚወጣበት ሳንቲም በጽሕፈት ቤትዎ ካለ፣ እባክዎ ለእኔም አንድ ይላኩልኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝ እቀበላለሁ። ያን ቀን በዱቡሻው መናገር ነበረብኝ፤ ባይሆን በማግስቱ ለአቶ አጵሎስ መንገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም፤ የሚያሳፍረኝም ይህ ነው፤ የዝምታዬን ዕዳ የምትከፍለው ጌጤ በግራ እግሯ ነውና። ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው፦ መዝገብዎን ከፍተው ቀኝን ከግራ ያወዳድሩ፤ አረንጓዴውንም አያቋርጡብን። ቀኝ እግር በተፈጥሮው ቶሎ ይድናል የሚሉ ከሆነም እውነት ነው፣ ያ ገና አልተመረመረም። አረንጓዴውን ለግራ ይስጡንና አብረን እንመርምረው።

ስለ ዕጣው፣ ስለ ብስኩቱ፣ ዶሮዎቻችንን ስለ ቆጠሩልንም ጭምር ደግሜ ደጋግሜ እጅ እየነሳሁ፣ ዕድሜዎ ከአማካዩ በላይ እንዲሆን የምመኝልዎ፣

ይበልጣል
ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፣ የተሳታፊ ቁጥር አሥራ ሰባት ባል፣ የማንኪያው ኃላፊ

ማስታወሻ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በካርቶን የታሸገ አንድ ቁጥር ሠላሳ ስምንት የግራ እግር ጫማ አለ። ጌጤ በሕይወቷ የገዛችው የመጀመሪያው ሽፍን ጫማ ነው። ቀኙን ካለፈው ወር ጀምሮ ለጸሎት ታደርገዋለች፤ የግራ እግሯ እስካሁን በጨርቅ ተጠቅልሎ ይሄዳል። በእርስዎ አሠራር መሠረት በእያንዳንዱ እግሯ ግማሽ ጫማ አድርጋለች ማለት ነው። ጫማው ቢሮዎን ካጣበበ ከአረንጓዴው ብልቃጥ ጋር ይመልሱልን። ያለ ብልቃጡ ግን አይላኩት፤ ቤታችን ውስጥ የሚገባበት እግር የለም።