በስምህ የጠየቅኋት

ውድ ወንድሜ ሚስባህ፣

ሰላምታውን ዘልዬ በመጀመሬ አትቀየመኝ። የአንተን ድርሻ ሰላምታ ሳቀርብ ከርሜ የራሴ አልቆብኛል። በወረቀት የጻፍኩልህም እንደ ስልኩ የአውራ ጣት ምልክት ብቻ እንዳትመልስልኝ ብዬ ነው።

በየጁምዓው ከኮምቦልቻ በስልክ የምትልካት የአበባ ሥዕል ትደርሳለች። ሌላ ሰው ለአንተ የላከውን ነው ለእናትህ የምታስተላልፈው፤ ከላዩ ላይ «የተላለፈ» ተብሎ ተጽፎ ይታያል። ስንደውል አታነሣም፤ «ሥራ ላይ ነኝ» ትላለህ።

ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ስልኩን የማነብላት እኔ ነኝ። መጀመሪያ «ልጄ ምን አለኝ?» ስትለኝ፣ አበባ ብቻ ነው ማለት አሳፈረኝ። «እማ፣ አፊያ ነሽ ወይ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ሳሉስ ተወሽ? ጎረቤቱ አማን ነው? ይልሻል» አልኳት። ፊቷ በራ። ለእያንዳንዱ መልስ ሰጠች፣ ዱዓም አደረገችልህ፤ ድምጿን ቀርጬ ላክሁልህ። ብዙ ነበር ያወራችው፤ አውራ ጣትህ ግን ወዲያው ከተፍ አለ።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አሳምሬ ጠየቅሁልህ። አንተ ተወደድክ፣ እኔ ተጠላሁ።

«ወላሂ፣ እንደ ሚስባህ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?» አለችኝ አንድ ቀን ጉልበቷን እያሸሁላት። «ተነሺ፣ ብዪ፣ መድኃኒትሽን ዋጪ። አንቺ ሌላ ቃል የለሽም።»

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። አንተን ጠላሁህ፤ እውነቴን ነው።

ባለፈው ሰኞ ደግሞ ሰፈራችን ሆጤ በጉም ተሸፍኖ እማ ስትንቀጠቀጥ ዋለችና፣ «የደሴ ብርድ በቃኝ። ኮምቦልቻ ይሞቃል፣ ልጄ ጋ ውሰጂኝ። የሚጠይቀኝ ልጅ እያለኝ እዚህ ምን አስቀመጠኝ?» አለች። እውነቱን ልነግራት ነበር። ልብሷን አጣጥፋ በሻሽ ስትቋጥር ሳያት አቃተኝ። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ጋ ልሄድ ነው» ብላ ተሰናብታለች።

ቅዳሜ የሐረጎን ቁልቁለት ይዣት እወርዳለሁ። መናኸሪያ ጠብቀን። እጇን ሳም፤ ከዚያ ጠይቃት። የሚያማት የቀኝ ጉልበቷ ነው። ሳሉ ሻል ብሏታል፤ ቢሆንም መጠየቁን ትወዳለች። መልሷ ይረዝማል፣ እስክትጨርስ ቁም።

ዝም ብለህ ብትቆም ግን ፊቷን ወደ እኔ ታዞራለች፤ «ምን አለኝ?» ትለኛለች። ያን ጊዜ «ምንም አላለሽም» እላታለሁ።

እስከ ቅዳሜ አላህ ያድርሰን።

እህትህ ኢንሻራህ
ደሴ፣ ሆጤ