ወፍጮው የቆመ ዕለት

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ይሻው፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የይፋግ ሙቀት ተስማማዎት? እኛ ጋ ብርዱ ጀምሯል፤ ገብሱም እየታጨደ ነው።

ሰሞኑን ስልክዎ ላይ ደጋግሜ ደወልኩ። በሦስተኛው ጥሪ ልጅዎ ሕይወት አነሳችና ጆሮዎ ጨርሶ እንደከዳዎት ነገረችኝ። አንደኛው በክረምቱ ሄደ፣ ሁለተኛው መስቀል ሳይደርስ ተከተለ አለች። ስልኩን ዘግቼ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ያስለቀሰኝ የጆሮዎ ነገር ብቻ አልነበረም። አንቱ ከእኔ አፍ የሰሙት የመጨረሻ ቃል የትኛው እንደሆነ ትዝ ብሎኝ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? በአፌ ያበላሸሁትን በአፌ የማቃናበት መንገድ ስለተዘጋብኝ ይኸው በእጄ እጽፋለሁ። ፊደሉን ያተለቅሁት ያንን በሽቦ የታሰረ መነጽርዎን ስለማውቀው ነው።

የዛሬ አራት ዓመት ራዲዮ መጠገኛ ሱቅዎ ስመጣ ዩኒቨርሲቲው በፊዚክስ መምህርነት ከቀጠረኝ ገና ወር አልሞላኝም ነበር። የአባቴን ራዲዮ ይዤ፣ ዜና ሊጀምር ሲል ያንኮራፋል አልኩዎት። አንቱ መፍቻ እንኳ አላነሱም። ከጣቢያው አውጥተው ባዶው ላይ አቆሙትና ያንን «ሽሽሽ» የሚለውን ድምፅ ጆሮዎን ጣል አድርገው ያዳምጡ ጀመር። እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ፣ ያውቁኛል። ሰውዬው ጤናም የለው ይሆን ብዬ ልወጣ ስል፣ ተነሥተው መንገዱን ተሻገሩና የሞላ ወፍጮ ቤት ገብተው ወፍጮውን አስቆሙት። ያን ሁሉ ሰው እህሉን ይዞ እንደተሰለፈ። ወፍጮው ሲቆም የአባቴ ራዲዮ ጸጥ አለ።

«ራዲዮሽ ጤነኛ ነው፤ የሚጮኸው የሞላ ሞተር ነው» አሉኝ። «ድምፅ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ መፍቻ አይነሣም።»

ከዚያ ወዲህ ከክፍል ስወጣ እግሬ ወደ ሱቅዎ መሄድ ለመደ። ከጋሳይና ከክምር ድንጋይ ድረስ ራዲዮ በጋቢ ጠቅልለው የሚመጡልዎትን ሰዎች እያየሁ እደነቅ ነበር። የሌላው ጠጋኝ እጅ ቶሎ ይፈታል፤ አንቱ ግን ከመፍታትዎ በፊት ግማሽ ቀን ያዳምጣሉ፣ ከፈቱ በኋላ ደግሞ አይስቱም። ዲግሪ ደራርቤ እንዲህ አድርጎ መጠርጠር ያስተማረኝ ሰው አላጋጠመኝም።

አንድ ቀን የእኔን ሥራ ጠየቁኝ። ጋላክሲ ማለት ስፍር ቁጥር የሌላቸው ከዋክብት የሰፈሩበት አገር ነው አልኩዎት። እነዚያ አገሮች በመቶና በሺህ ሆነው ይሰባሰባሉ፤ ሁለት እንዲህ ያሉ ስብስቦች ሲገናኙ ደግሞ አንዱ በሌላው ውስጥ እያለፈ ይጋጫል፣ ግጭቱም በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጃል። ከግጭቱ የሚነሣውን የራዲዮ ሞገድ ደቡብ አፍሪካ በረሃ ላይ የተተከሉ ትልልቅ ሳሕኖች ይለቅሙታል። እኔ መረጃውን በሐርድ ዲስክ ተቀብዬ፣ ጫጫታውን አጥርቼ ሥዕል አወጣለታለሁ። አንቱ ጥቂት አሰቡና «ታዲያ ሥራችን አንድ ነው» አሉኝ።

በማግስቱ ይህን መምህራን ክበብ ውስጥ ተረኩት። ራዲዮ ጠጋኙ የሥራ ባልደረባዬ ሆነ ብዬ አሳቅኋቸው፤ ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ። ይህን እስከ ዛሬ አያውቁም፤ አሁን ይወቁት።

ባለፈው ሰኔ የጥናት ጽሑፌን ጨርሼ ለሳይንስ መጽሔት ልልክ አራት ቀን ሲቀረኝ፣ ሱቁን ዘግተው ልጅዎ ጋ ሊገቡ መሆኑን ሰማሁና ልሰናበትዎት መጣሁ። አንቱ ዕቃ ይሸክፋሉ። እኔ ላፕቶፔን ከፍቼ የግጭቱን ሥዕል ደቀንኩብዎት። ልመሰገን ነበር የመጣሁት፣ ምን እደብቅዎታለሁ። አንቱ መካከል ላይ የሚያበራውን ትተው፣ ዳር ላይ እኔ ቆርጬ ያወጣሁትን ጥቁር ቦታ በመፍቻዎ ጫፍ አመለከቱ።

«እዚህስ ምን ነበረ?» አሉኝ።

እዚያ ቦታ እንደ ደጋን የጎበጠች አንዲት ደብዛዛ መስመር ነበረች። የመብራት ጣጣ ነው አልኩዎት። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ቤት ያለው ትልቁ ኮምፒውተር ሥራውን እየቆረጠ ይጀምራል፣ የዚያ ጠባሳ ስለሆነ አስወገድኩት አልኩ። እዚህ አገር ያልገባንን ሁሉ በመብራት አይደል የምናሳብበው? ወጡ ቢያርር መብራት፣ ተማሪው ቢወድቅ መብራት።

«ወፍጮውን አስቁመሽ አይተሻል?»

አላየሁም ነበር። አለማየቴን ስለማውቅ ነው ቱግ ያልኩት።

«ጋሽ ይሻው፣ ይሄ ራዲዮ ጥገና አይደለም!»

አንቱ መፍቻውን በጨርቅ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ አስቀመጡና ገመዱን ማሰር ቀጠሉ። በወጉ እንኳ ሳልሰናበትዎት ወጣሁ። አፈር በበላሁ ይሻለኝ ነበር።

አራቱ ቀን ደረሰ፤ ጽሑፉን መላክ አቃተኝ። ያች ጥያቄዎ አላስቀምጥ አለችኝ። አማካሪዬን ዶክተር ደረጄን ትንሽ ይቆይ ብላቸው፣ በዚሁ ጉዳይ ላይ የሚሠሩ የውጭ አገር ሰዎች ይቀድሙናል ብለው ተቆጡ። ቢቀድሙን ደግሞ የአራት ዓመት ድካሜ ከንቱ ነበር። ያም ሆኖ ሥራውን ከሀ ልጀምረው ቆረጥኩ። ለዚህ ግማሽ ቀን ያልተቆራረጠ መብራት ያስፈልጋል። የተከራየሁት ቤት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው፤ ሞላ ሞተሩን ባስነሣ ቁጥር መብራቱ ይደክምና ትልቁ ኮምፒውተሬ ድርግም ይላል።

ስለዚህ ጧት ሞላ ጋ ሄድኩ። ለግማሽ ቀን አቁምልኝ ስለው ፊቱን አጠቆረ። ሴቶቹ ጆንያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል፣ እውነቱን ነው። አፍሬ መሬት መሬት እያየሁ፣ ጋሽ ይሻው ናቸው አስቁመሽ እዪ ያሉኝ አልኩት። ወዲያው ገብቶ ሞተሩን አጠፋው። ገብስ የያዙ አንዲት እናት ለምን ቆመ ብለው ከኋላ ጠየቁት።

«ጋሽ ይሻው እየሰሙ ነው» አላቸው።

ሴትዮዋ ጆንያቸውን አወረዱና ላዩ ላይ ተቀመጡ። የሚያወሩትንም ሴቶች ቀስ በሉ ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጧቸው። አንቱ ይፋግ ከገቡ እኮ ሁለት ሳምንትዎ ነበር። እኔ ክበብ ውስጥ የሳቅሁብዎት ሰው በሌሉበት ስምዎ ብቻ ሰፈሩን ዝም ያሰኛል።

እስከ ቀትር ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ሥዕሉ ሲወጣ መስመሯ ያው ቦታዋ ላይ ነበረች፤ እንዲያውም ጠራች። መረጃውን በተቀዳበት ቀን ለየብቻ ከፋፍዬ አየሁት፣ በሁሉም አለች። ሕንድ አገር ባለ ሌላ ቴሌስኮፕ የተቀዳውንም ጠይቄ ጥቅምት ላይ ደረሰኝ፤ እዚያም አለች። ለካ መብራት በከንቱ ነው የተከሰሰው።

ምን መሰለችዎት? ወንዛዬ ፍልውኃ ውስጥ ጎረምሳ ዘሎ ሲገባ፣ እሱ ከሰመጠ በኋላ ሞገዱ መጥቶ ጠርዙን አይመታም? እንደዚያ ነው። ሁለቱ ስብስቦች ሲጋጩ የተነሣው ሞገድ እየገፋ እየገፋ ዳር የደረሰበት ቦታ ነው። ከጫፏ እስከ ጫፏ ብርሃን እንኳ ለመሄድ ሦስት ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ይህችን ነው እኔ እንደ ጉድፍ ቆርጬ የጣልኳት። ጽሑፌ ደግሞ የግጭት ሞገድ አላገኘንም ይል ነበር። ያንን ልኬ ቢሆን ኖሮ ሌላ ሰው ሲያገኛት በምን ዓይኔ ሰው አይ ነበር?

ባለፈው ሳምንት ክበቡ ውስጥ ሁሉንም ከነ ሳቄ ተናገርኩ፤ የሳቀ አልነበረም። ጽሑፉ መጨረሻ ምስጋናው ላይ ስምዎን አስገብቻለሁ። ዶክተር ደረጄ፣ ሰውዬው የየትኛው ተቋም ናቸው ቢሉኝ፣ «የራዲዮ ጥገና ቤት፣ ከሞላ ወፍጮ ፊት ለፊት፣ ደብረ ታቦር» ብዬ ጻፍኩ። አነበቡትና ሳይሰርዙት አለፉት። ትናንት ተላከ።

ልጅዎ ሕይወት ሌላም ነገር ነግራኛለች። ራዲዮዎን ከፍተው መዳፍዎን ላዩ ላይ አድርገው ይውላሉ አሉ፤ ከእንግዲህ ለምንም አልሆንም ይላሉ አሉ። እንዴት እንዲህ ይላሉ? ይህችን መስመር በጆሮው የሰማት ሰው በዓለም ላይ የለም፤ ድምፅ የላትም። አንቱም ያን ቀን ያገኟት በዓይንዎ አይተው፣ በጥያቄ ነው። ያ ጥያቄ ጆሮ አልፈለገም። አሁንም ቆርጬ የምጥላቸው ሥዕሎች ሞልተውኛልና ገና ብዙ ይጠይቁኛል።

ቅዳሜ ይፋግ እመጣለሁ። ሥዕሉን በትልቁ አሳትሜዋለሁ፤ ያ ጥቁር ቦታ ሞልቷል፤ ጣትዎን ያኑሩበት። ፊቴን ማየት ካልወደዱ ለሕይወት ሰጥቻት እመለሳለሁ፣ አልቀየምም። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ያን የሰኔ ቃሌን ከጆሮዎ ያውጡልኝና በቦታው ይህችን ያስገቡልኝ።

ጋሽ ይሻው፣ ራዲዮ ጥገና ነበር።

ተማሪዎ
ሠናይት